ከወንዞች መጋጠሚያ ይልቅ መልካው ይጠና

በሂማላያ ተራሮች አላክናንዳና ባጊራቲ የተባሉት ወንዞች ዴቭፕራያግ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በታች ወንዙ ጋንጋ ይባላል። ለሂንዱ ተሳላሚዎች የሥፍራው ቅድስና ከዚህ ውሕደት የሚመነጭ ነው። አላክናንዳ ገባሮቹን የሚቀበልባቸው ሌሎች አራት ሥፍራዎችም እንዲሁ ይከበራሉ።

ይህን ንጽጽር ወደ ወለጋ የሚያመጣ ተመራማሪ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው አንገር ከዴዴሳ፣ ዴዴሳም ከዓባይ በሚገጥሙበት ሥፍራ ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ጥናቱ ከዚያ መጀመር የለበትም። በኦሮሞ ባህል ሕዝቡ ለዋቃ ምስጋና ሊያቀርብ ለምለም ሣርና አበባ ይዞ የሚወርደው ወደ መልካ ነው፤ መልካ ደግሞ በመሠረቱ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ስያሜው ራሱ የሚያመለክተው ሰው ወደ ውኃው የሚደርስበትን ሥፍራ ነው።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። መጋጠሚያን ማንኛውም ካርታ ያሳያል፤ መልካን የሚያውቀው ግን ተሻጋሪው ነው። ድልድይ ሲሠራ መልካው ከዕለት ጉዞ ይወጣል፤ ግድብ ሲሠራ ሊሰጥም ይችላል። የዴዴሳ ሸለቆ ደግሞ የስኳር አገዳና የመስኖ ልማት ሥፍራ ሆኗል። ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. ቢመዘግብም፣ ኢሬቻ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው የቢሾፍቱው ሆራ አርሰዴ ሐይቅ ነው።

ስለዚህ በነቀምቴ የሚማሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የየመልካውን ስም፣ ወደዚያ የሚወስደውን ዱካና የሚመርቁትን አባቶች ከአረጋውያን ጠይቀው ይመዝግቡ። (ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሥር በሰደደችበት በወለጋ ይህ ጥያቄ ጥንቃቄ ይሻል።) ምዝገባውም የመስኖ ቦዮቹ ከመስፋፋታቸው በፊት ከዴዴሳ ዳርቻ ይጀመር።