ውበትና ሕይወት ባላንጣ አይደሉም

የጥንት መኳንንት አጸድ ቅርስነቱ የሚጠበቀው ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተስተካክሎ ሲታጨድ፣ የደረቀውም ሁሉ ሲጠረግ ነው የሚሉ ወገኖች አሉ። ለብዝኀ ሕይወት ሲባል የሰው እጅ ፈጽሞ ይነሣ የሚሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል።

በደቡብ እንግሊዝ፣ በሰሴክስ፣ ግሬት ዲክስተር የተባለ ርስት ይገኛል። ናትናኤል ሎይድ በ1910 እ.ኤ.አ. ገዛው፤ ልጁ ክሪስቶፈር በ2006 እስኪያርፍ ድረስ አለማው። ከ2017 እስከ 2019 በተካሄደው ጥናት፣ ከደኑና ከግጦሹ ይልቅ በሕይወት ዓይነቶች ብዛት በልጦ የተገኘው የአበባው አጸድ ነው።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። አበባ በአበባ ላይ ስለሚተካ ንብ ሲሳይ አያጣም። መስኩ የሚታጨደው ዘሩ ከረገፈ በኋላ ነው፤ ድርቆሹም ይነሣል፤ አፈሩ ከወፈረ ብርቱው ሣር ደካማውን አበባ ይውጠዋልና። የደረቀው አገዳ በብርዱ ወራት የነፍሳት መጠለያ ይሆናል። ይህ ሁሉ የአትክልተኛው ዕውቀትና የዕለት ድካም ፍሬ ነው።

እንግዲህ የታሪካዊ አጸድ ጠባቂ ሁሉ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ ስንት ሕይወት አቆየህ? ንብና ወፍ የሸሹት አጸድ፣ አጥሩ ቢጸና እንኳ ቅርስነቱ አብቅቷል።