ላፕቶፑን አትውቀሱ

«ላፕቶፓችሁ ማክ ስለሆነ ነው፣ ዊንዶውስ ግዙ።» ፋይል አልከፈት ባለን ቁጥር የምንሰማው መልስ ይኸው ነው። እኛ ግን ሞያሌ ላይ ሆነን ከማዶ ሰነድ ስንቀበል ስንት ዓመታችን! ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከመክፈቻው ሳይሆን ከአዘጋጁ ነው።

በአማርኛ የተጻፈውን እንውሰድ። ከሐዋሳ የተላከ የቦሎቄ ሽያጭ ውል እዚህ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ጠጋኙ «ቫይረስ ነው» ይልና ያስከፍለናል። ቫይረስ አይደለም። ድሮ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ የራሱ ቁጥር ሳይኖረው፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲኑ ቁጥር ላይ ይጭኑት ነበር። ማሽኑ የመዘገበው «ሀ»ን ሳይሆን የላቲን ፊደል ነው። «ሀ» አስመስሎ የሚያሳየው እዚያ ኮምፒውተር ላይ የተጫነው ፎንት ብቻ ነው። ፎንቱ የሌለው ላፕቶፕ ምን ያድርግ? የተመዘገበውን ያሳያል።

ይህ ችግር መፍትሔ ያገኘው በፈረንጆች 1999 ነው፤ ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠ። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ አማርኛ የሚያሳይ ፎንት ይዞ ይመጣል፣ ማክም ከፋ የሚባል አለው፣ ስልኮቻችንም አማርኛ ያነብባሉ። ታዲያ ዛሬም ውል ልናስጽፍ ስንገባ በድሮው ፎንት የሚተይብልን ለምንድን ነው? «እጄ ለምዶታል» ይላሉ። የእነሱ እጅ ስለለመደ እኛ መክሰር አለብን? እንዲህ ያለ ፋይል ሲከፈት ብዙውን ጊዜ አኃዙ ይተርፍና ቃሉ ይጠፋል። 200 የሚል እናያለን፤ ኩንታል ይሁን ሺህ ብር፣ የጭነቱን ኪራይ ማን ይክፈል፣ ምንም አይታወቅም። ክርክር ቢነሳ ይህን ይዘን ሽማግሌ ፊት እንቅረብ?

የሂሳቡ ደግሞ ይብሳል። ንግድ የተማርን ሁሉ ፒችትሪን እናውቀዋለን፣ ዛሬ ሴጅ 50 ይባላል። የሚሠራው በዊንዶውስ ነው፤ በአዲሱ እትም የተቀመጠውን ባክአፕ አሮጌው እትም አይከፍተውም። ሂሳብ ሠራተኛው ባክአፑን በፍላሽ ሰጥቶን ሥራ ሲለቅ የሦስት ዓመት ሂሳባችን ተቆልፎ ይቀራል። ዕቃው የእኛ፣ ዕዳው የእኛ፣ ቁልፉ የሌላ ሰው! ሪፖርቱን ወደ ኤክሴል አውጥቶ ጨምሮ መስጠት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ካልጠየቅነው ግን ማንም አያደርገውም።

ኤክሴልም ቢሆን ቀን ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዊንዶውሱ ቀን የሚቆጥረው ከ1900 ጀምሮ ሲሆን የድሮው የማክ ኤክሴል ከ1904 ይጀምር ነበር። ከአንዱ ሠንጠረዥ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ቀኑ በ1,462 ቀን ይዛነፋል፤ አራት ዓመት ከአንድ ቀን ማለት ነው። የእኛና የኬንያ ዘመን ልዩነት አልበቃ ብሎ! በአሜሪካ አቆጣጠር የተስተካከለ ላፕቶፕ ደግሞ 5/8ን ሜይ 8 ብሎ ያነብባል፣ እዚህ ግን ኦገስት 5 ነው። የዱቤ መክፈያ ቀን ስንጽፍ ወሩን በስሙ እንጻፈው።

በኬንያ በኩል ያለውን የገቢ ግብር ቅጽም የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የአይታክስ የኤክሴል ቅጽ ማክሮ ስላለው፣ ማክሮ የማያስኬድ ፕሮግራም ላይ ዚፕ ፋይሉን አያወጣም። ከጎኑ ኦዲኤስ የሚባል ቅጂ መቀመጡን ብዙዎቻችን አናስተውልም፤ እሱ በነጻ የሚገኘውን ሊብሬኦፊስ ለሚጠቀሙ ነው። ጁን 30 ካለፈ የግለሰብ ቅጣቱ ከ2,000 ሽልንግ ይጀምራልና፣ በመጨረሻው ሌሊት ላፕቶፕ ፍለጋ ከመሯሯጥ ቀድሞ መሞከር ነው።

ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንም ከዚህ ወቀሳ አያመልጡም። በማክ ፔጅስ ጽፈው ይልኩና «አልከፈት አለ» ስንላቸው ይስቃሉ። ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ያን ያህል ከባድ ነው?

«ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም መላክ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ለደረሰኝ ይበቃል። መቶ መስመር ያለው የዕቃ ዝርዝር ግን በፎቶ አይደመርም፣ አይታረምም። ሊብሬኦፊስም ሠንጠረዥ ያዛባል የሚሉ አልተሳሳቱም፣ አንዳንዴ ያዛባል። ለዚህ ነው ሁለት ፋይል የምንጠይቀው፦ ለፊርማና ለማኅተም ፎንቱን በውስጡ ይዞ የሚሄደውን ፒዲኤፍ፣ ለማረሚያ ደግሞ በዩኒኮድ የተተየበውን ወርድ።

ከእንግዲህ ለምናስጽፈው ሁሉ ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት የወርዱን ፋይል እዚያው ቆመን በስልካችን እንከፍተዋለን። ካልተነበበ በዩኒኮድ ይታረም። የሁለተኛውን ትየባ ዋጋ ግን አንከፍልም።