ስም የሚጠራበት ክፍል



በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፣ ካንድ ሺህ ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኘው 33 ያህል ብቻ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ወደ 32 ወረደ፤ በ2016 ዓ.ም. ከፍ አለ ቢባል 54 ነው። ያን ጊዜ የተሰማው ጩኸት አንድ ነው፤ «ተማሪው ሰነፈ፣ ኩረጃ ለመደ።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው። ልጁ የወደቀው በፈተናው ቀን አይደለም፤ አስቀድሞ፣ ጧት ጧት በሚሰበሰብበት ክፍል ውስጥ ነው እንጂ።

ያን ክፍል ሁላችንም እናውቀዋለን። ደወል ተደውሎ፣ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ፣ ሰልፉ ሲበተን ተማሪው ተጋፍቶ ይገባል። የክፍሉ ኃላፊ አስተማሪ ስም ይጠራል። «አቤት» ያለው አለ፤ ዝም ያለው ቀሪ ነው። ቀሪው ግን ለምን ቀረ? ታሞ ነውን? እናቱን ሊረዳ ገበያ ወጥቶ ነውን? የሚጠይቅለት የለም። አስተማሪው ክፉ ሆኖ አይደለም። ደንቡ ለሁለተኛ ደረጃ ክፍል 40 ተማሪ ይላል፤ ስድሳና ሰባ በታጨቀበት ግን ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ ጊዜው ያልፋል። ልጁም በመዝገቡ ላይ ምልክት ሆኖ ይቀራል፤ ምልክቱ ሲበዛ ስሙ ይሰረዛል።

«ሕንጻ ይሠራ» የሚሉ አሉ። ይሠራ! ነገር ግን ግድግዳ ልጅን «ትናንት የት ነበርክ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቅ ሰው ነው።

ሰው ደግሞ እዚህ ግቢ ሞልቷል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ይልክ፣ አብዛኛውንም በአስተማሪነት ያሠማራ ነበር። ዛሬ ያ ግዴታ የለም። እንዲመለስ ማኅበራችን ይጠይቅ! የዘማቹም የመጀመሪያ ሥራ በዚያ የጧት ክፍል ይሁን፤ የስሙን ዝርዝር ከአስተማሪው ጋር ለሁለት ተካፍሎ፣ የቀረውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቅ።

«አንድ ዓመት ይባክንብናል» የሚል ይኖራል። ከጥቂቶቹ አንዱ ሆኖ እዚህ የደረሰ ሰው፣ በዚያ ዓመት ከየሺው የቀሩት 967 ስንት ዓመት እንደባከነባቸው አስቀድሞ ይቍጠር። የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ አስተማሪዎቻችንም ይጻፉ። ዝም ያለውን ግን እንደ ቀሪ እንቈጥረዋለን።

ከአንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ