ስም የለሽ ሲኒ

በአውሮፓ የእንቁላል ሲኒ ብቻ እየለቀሙ የሚያከማቹ ሰዎች አሉ። የተቀቀለ እንቁላል ተተክሎባት በትንሽ ማንኪያ የሚበላባት፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ዕቃ ናት። ለዚህ ልማዳቸውም «ፖሲሎቪ» የሚል የተለየ ስም አውጥተውለታል። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም፤ በእኛ ማዕድ እንቁላል መቆሚያ አይሻምና። ተልጦ ከዶሮ ወጡ ይገባል፤ ለየሰዉ እየተቆጠረ ይወጣል። ሆኖም ከመሳቃችን በፊት አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚያ ሰዎች ሲኒዋን ገልብጠው ከሥሯ ያለውን የፋብሪካ ምልክት ያነባሉ፤ የት፣ መቼና በማን እንደ ተሠራች ይመዘግባሉ። እኛም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አሮጌ ጀበና፣ ፍንጃል፣ ዋንጫና ብርሌ መሰብሰብ ጀምረናል፤ መመዝገቡን ግን አልጀመርንም።

ከገዳሪፍ እስከ ባሱንዳ፣ ከገላባት እስከ መተማ ድረስ በቡና ቤቶችም ሆነ ደኅና ኑሮ ባላቸው ሰዎች ሳሎን ውስጥ ያረጀ ዕቃ የተደረደረበት መደርደሪያ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ባለቤቱን «ይህ ጀበና የማን ነበር?» ብለው ቢጠይቁት «የጥንት ነው» ይልዎታል። የት እንደ ተሠራ ቢጠይቁትም መልሱ ያው «የጥንት ነው» ነው። ይህ ሰው ራሱን የቅርስ ጠባቂ አድርጎ ይቆጥራል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ታሪኩን ከኋላ ጥሎ ዕቃውን ብቻ ያመጣ ሰው ያዳነው ነገር የለም። ገሉን ይዞ ነፍሱን ጥሏልና።

በቃላቱ እንጀምር። «ሲኒ» የሚለው ስም የመጣው ከዐረብኛው «ሲኒይ» ሲሆን ትርጉሙ «የቻይና» ማለት ነው። ዕቃው ከሩቅ ምሥራቅ በመርከብና በግመል ተጉዞ ሲደርስልን የትውልድ አገሩን ስም እንደ ያዘ ቀረ። ፍንጃልም የዐረብኛው ፊንጃን ዘመድ ነው። ጀበና የሚለውን ቃል በድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለ ሰው እኩል ይጠራዋል። ዕቃውና ወጉ ግን አንድ አይደሉም። በሱዳን በኩል ቡናው ከዝንጅብል ጋር ይፈላል፤ በጀበናው አፍንጫ ላይም አተላውን የሚያስቀር ቃጫ ይወተፋል። በእኛ ዘንድ ጀበናው ከማቶቱ ላይ ሆኖ እስኪሰክን ይጠበቃል፤ ከዚያም አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በረከቦቱ ላይ ለተደረደሩት ሲኒዎች ይታደላል። ሁለቱን ጀበናዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ጥንታዊ ጀበና» ብሎ የሚያልፍ ሰው የሁለት ሕዝቦችን ጉርብትና በአንድ ቃል ሰርዞታል። ይህ ድንበር በጦርነት ብቻ ሳይሆን በቡናም የተሠራ መሆኑን የሚመሰክሩልን እኒያ ሁለት ጀበናዎች ነበሩ።

የባሰው ግን የሠሪዋ መረሳት ነው። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ በሸክላዋ የታወቀች መንደር ናት። ሙያውን በዚያ ያስጠሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ። አገሬው ገንቦውንና ድስቱን እየገዛ ሠሪዋን «ቡዳ» እያለ ይሸሻት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. ቢያስነግሩም ስድቡ ከሰው አፍ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1984 ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ድንበር ተሻግረው በዚሁ በገዳሪፍ ምድር በኡም ራኩባ መጠለያ ሰፍረው ነበር፤ በርሀብና በበሽታ የሞቱባቸውን እዚሁ ቀብረው ሄዱ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺሕ የሚበልጡት በሁለት ቀን ጊዜ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከእነዚያ ሴቶች የአንዷ እጅ ያበጀው ጀበና ዛሬ በአንዱ መደርደሪያ ላይ ቢገኝ ማን ያውቀዋል? ትናንት ሠሪዋን በስድብ፣ ዛሬ ደግሞ በዝምታ አራቅናት። ሁለተኛው በደል ከመጀመሪያው ይልቅ ጨዋ ይመስላል እንጂ ውጤቱ ያው ነው።

ጽሑፍ ለዕቃ ምን እንደሚያደርግለት የሚጠራጠር ቢኖር የመቅደላን ዋንጫዎች ያስታውስ። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላን ይዞ ሲመለስ ከዘረፈው ሀብት መካከል አክሊልና ታቦት፣ የብራና መጻሕፍትም ነበሩበት። ከዚያው ዘመቻ ጋር የተያያዙ የቀንድ ዋንጫዎች ከአንድ የብራና መጽሐፍ ጋር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በእንግሊዝ አገር፣ በብሪድፖርት ከተማ ለጨረታ ሊቀርቡ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ተቃወመ ጨረታው ቀረ። በዚያው ዓመት መስከረም በብር ያጌጡ የቀንድ ዋንጫዎች ከአክሊል፣ ከጋሻና ከመስቀሎች ጋር ለንደን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተመለሱ። ለመሆኑ እነዚያን ዋንጫዎች ከሌላው የቀንድ ዋንጫ ሁሉ የለያቸው ምን ነበር? ከየት እንደ መጡ የሚናገረው የባለቤትነታቸው ታሪክ አብሯቸው መቆየቱ ነው። ሻጩ ዋጋቸውን ከፍ ለማድረግ የጠቀሰው መነሻ ለእኛ የይገባኛል ማስረጃ ሆነልን። ያለ መነሻ ቢቀርቡ ኖሮ ቀንድ ናቸው፤ ማንም ገዝቷቸው በሄደ ነበር።

«ሰው በሚሞትበትና በሚሰደድበት ዘመን ስለ ሲኒ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። መልሴ ግልጽ ነው፤ ቤት የሚራቆተው በእንዲህ ያለው ዘመን ነውና አሁን ካልተናገርን መቼ እንናገራለን? በሱዳን ጦርነቱ ከተጀመረበት ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በካርቱም የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ዩኔስኮም በመስከረም 2024 ሰው ሁሉ ከሱዳን ቅርስ ንግድ እንዲታቀብ ጥሪ አቅርቧል። የሙዚየም ዕቃ ቢያንስ መዝገብ ስላለው ይፈለጋል፤ የእናቶቻችን ሲኒ ግን ማን ይፈልግለታል? ኡም ራኩባ በ2020 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ዳግመኛ ስደተኛ ተቀብላለች፤ በዚህ መንገድ ያለፈው ሰው ብዙ ነው። ከቤቷ ስትወጣ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ የያዘች ሴት ለእህል መግዣ ስትል ስትሸጠው ገዢው በዋጋ ይከራከራታል፤ ስሟን ግን አይጠይቃትም። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ትነጠቃለች፤ ዕቃዋንና ምስክርነቷን። ለመጀመሪያው ጥቂት ገንዘብ ተከፍሏታል፤ ለሁለተኛው ግን ምንም አልተከፈላትም።

ሌሎች ደግሞ «ዕቃ መገልገያ ነው፤ በመስታወት ውስጥ መቆለፉ መግደል ነው» ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው። ያልተሟሸና ቡና ያልፈላበት ጀበና ጀበና ለመባል ገና ነው፤ የማኅበር ጽዋም ከቤት ወደ ቤት ካልዞረ ጽዋ አይባልም። ይሁን እንጂ የሚገለገሉበት ዕቃ ይሰበራል፤ ሲሰበርም ያልተጻፈ ታሪኩ አብሮት ይጣላል። ስለዚህ ብትገለገሉበትም ብታስቀምጡትም ጻፉለት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ የታሪኩን ዋጋ የምናውቀው የሚነግረን ሰው ካለፈ በኋላ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የቤት ቁሳቁሶችን ከመስቀልና ከሥዕል ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አስቀምጧል፤ መሶብም ታሪክ እንደሆነ አስተምሮናል። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ደግሞ ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ደንግጓል። ስለዚህ በድንበር ላይ የምንኖር ሰዎች የጥንት ዕቃን በሻንጣ ሥር ደብቆ ማሻገርን «ማዳን» ብለን መጥራት ልንተው ይገባል።

ከሰብሳቢው የሚጠበቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ አንዲት ቁራጭ ወረቀትና ትሕትና ይበቃሉ። ከመግዛቱ በፊት ተቀምጦ «እማማ፣ ይህቺን ጀበና ማን ሠራልዎት? ከየት አመጧት? ለምን ለምን በዓል ያወጧት ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። የሠሪዋን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ የባለቤቷን ስም ፈቃዷን ጠይቆ፣ የተገዛበትን ቀንና ቦታ ይጻፍ። በአማርኛም ይሁን በዐረብኛ ይጻፍ፤ ሁለቱም የዚህ አካባቢ ልሳን ናቸው። ይህን ሊያደርግ የማይሻ ሰው ዕቃውን ለባለቤቱ ይተውለት። በዚያች እናት ቤት ያለ ጀበና ቢያንስ የማን እንደሆነ ይታወቃል።