ሁሉ ነገር እርጅና አይደለም

«እርጅና ብቻህን ና» ይላሉ ሽማግሌዎቻችን። እርጅና ሲመጣ የዐይን ድካሙን፣ የወገብ ሕመሙንና የእንቅልፍ ዕጦቱን ሁሉ አስከትሎ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። አነጋገሩ እውነትነት አለው። ነገር ግን አንባቢዎቼ ሆይ፥ በሽማግሌ ላይ የምናየውን ድካም ሁሉ በእርጅና ስም መጥራት ልማድ አድርገነዋል። አባት ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸው ከከዳቸው «አርጅተዋል» እንላለን፤ ሲኒ ከእጃቸው ካመለጠ «አርጅተዋል» እንላለን፤ ምግብ ትን ካላቸውም ያንኑ እንደግማለን። እርጅና ግን የዕድሜ ስም እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብሁት በዚሁ ስም ተሸፍኖ ለዓመታት ሳይታወቅ ስለሚኖር አንድ ሕመም ነው።

ሕመሙን ሐኪሞች ኢንክሉዥን ቦዲ ማዮሳይቲስ ይሉታል። ብዙ ጊዜ ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ የሚነሣ፣ ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ የሚበዛ፣ ጡንቻን ቀስ በቀስ እያመነመነ የሚሄድ ሕመም ነው። ይህን ስም ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ነው። ከታማሚው ጡንቻ ጥቂት ተቈርጦ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር፥ በጡንቻው ሕዋሶች ውስጥ እንግዳ የሆነ ክምችት ስለሚታይ በዚያው ተሰየመ። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እንደ ተለመደው ከሆነም ከአባት ወደ ልጅ አይወርድም። በጣም ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚይዝ በመሆኑ ግን፥ ታላላቅ ሆስፒታሎች ባሉባቸው አገሮች እንኳ ትክክለኛ ስሙ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ጊዜ ዓመታት ያልፋሉ። አንዳንዱ ታማሚ ቁርጥማት ነው ይባላል፤ ሌላው ደግሞ በሌላ የጡንቻ ሕመም ስም መድኀኒት ሲወስድ ይኖራል።

ታዲያ ከተራ የእርጅና ድካም በምን ይለያል? እርጅና መላ ሰውነትን ባንድነት ያደክማል፤ ይህ ሕመም ግን መርጦ ነው የሚመታ። አስቀድሞ የሚያጠቃው በጭን ፊት ለፊት ያለውንና ጉልበትን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን ትልቅ ጡንቻ፥ እንዲሁም ጣቶችን የሚያጥፉትን የክንድ ጡንቻዎች ነው። ስለዚህ ታማሚው ከበርጩማ ለመነሣት ይቸገራሉ፤ ደረጃ ሲወርዱ ጉልበታቸው ድንገት ይታጠፍና ይወድቃሉ። እንጀራ ለመቍረስ፣ ቁልፍ ለማዞር፣ የጡረታ ደመወዛቸውን ተቀብለው ለመፈረም ጣታቸው እምቢ ይላቸዋል። ብዙውን ጊዜም አንደኛው ጎን ከሌላው ይልቅ ይደክማል። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ለመዋጥ ጭምር ይቸገራሉ። አእምሯቸው ግን ምንም አይነካም፤ ሰውነታቸው ሲከዳቸው አንድ በአንድ ያዩታል።

በዓለም ዘንድ የታወቀ አንድ ምሳሌ ልጥቀስላችሁ። እንግሊዛዊው የጊታር ተጫዋች ሚስተር ፒተር ፍራምፕተን በ1976 ባወጡት አልበም ዝናቸው በአሜሪካና በአውሮፓ የናኘ ሰው ናቸው። ደረጃ መውጣትና መውረድ እየከበዳቸው ሄደ፤ መድረክ ላይም ወደቁ። በ2019፥ በ68 ዓመታቸው፥ ይህ ሕመም እንዳለባቸው በይፋ ተናገሩ። እንጀራቸው በጣታቸው ላይ ላለ ሰው ጣትን የሚነሣ ሕመም ምን ማለት እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። እርሳቸው ግን የስንብት ጉዞ አዘጋጁ፤ ከእያንዳንዱ የመግቢያ ትኬት 1 ዶላር ተነሥቶ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለሕመሙ ምርምር እንዲውል አደረጉ። ከዚያም በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው መጫወታቸውን ቀጠሉ።

ሕመሙን የሚያድን መድኀኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሌሎችን የጡንቻ ብግነቶች የሚያስታግሰው ስቴሮይድ እንኳ እዚህ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይረዳም። «እንግዲያውስ ስሙን ማወቁ ምን ይጠቅማል?» ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ይጠቅማል። ስሙ ሲታወቅ የማይጠቅመው መድኀኒት ከነጉዳቱ ይቀራል። ዱሮ ለደከመ ጡንቻ ዕረፍት ይሻለዋል ይባል ነበር፤ አሁን ግን በባለሙያ ምክር የሚደረግ መጠነኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ጉዳት እንደሌለው ታውቋል። የመዋጥ ችግር ያለበት ሰውም ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ፣ ሳይቸኩል እንዲበላ ይመከራል፤ ትን ያለው ምግብ ወደ ሳንባ ገብቶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላልና።

የቀረው የቤተሰብ ፈንታ ነው። ዝቅተኛውን መቀመጫ በከፍተኛ ወንበር መለወጥ፣ በደረጃው ዳር የእጅ መደገፊያ ማድረግ፣ የሚያደናቅፈውን ምንጣፍ ማንሣት፣ የማንኪያውን እጀታ በጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ይልቁንም የሚከብደው ሌላ ነው። ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ሲቈልፉ አንድ ሩብ ሰዓት ቢፈጅባቸው፥ ልጅ ቸኩሎ እጃቸውን ገለል አድርጎ ይቈልፍላቸዋል። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ የተሰጠ እርዳታ የቀረውን ኀይል እንደሌለ ያስቈጥራል። አስቀድሞ «ልርዳዎት?» ብሎ መጠየቅ፥ «ቈይ» ካሉም መቈየት ይገባል።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከወላጆቻችሁ ርቃችሁ ትኖራላችሁ። ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ አባታችሁ ከመቀመጫቸው እንዴት እንደሚነሡ፥ ብርጭቆውን እንዴት እንደሚይዙ አስተውሉ። በተደጋጋሚ የሚወድቁና ጣታቸውም የደከመ እንደ ሆነ፥ ከተቻለ ወደ ነርቭ ሐኪም ውሰዷቸው። ምናልባት ሌላ፥ በቀላሉ የሚታከም ነገር ሊሆን ይችላል። ይህም ሕመም ቢሆን ዝግ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ገና ብዙ ዓመት አብራችሁ ማዕድ ትቈርሳላችሁ።