«አይከፈትም» የተባለ ድምፅ ሁሉ የጠፋ አይደለም

የመንዝ ጓሳ ሣር ለዘመናት ሲጠበቅ የኖረው በወረቀት ሕግ ሳይሆን ቄሮ በሚባለው የአስቦና የጌራ ዘሮች ሥርዓት ነው። ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል። መቼ እንደሚከፈትና እንዴት እንደሚታጨድ የሚወሰነውም በዚያው ሥርዓት ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ። ያኔ ጎልማሳ ሆኖ ነገሩን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ ዕድሜው ከሰባ አልፏል።

የእነዚህ አባቶች ቃል በብራና አልሰፈረም። የግሼ ፉከራና የመርሐቤቴ የለቅሶ ግጥምም እንዲሁ በአፍ የኖረ ሀብት ነው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቀድቶት ከሆነም፣ የቀዳው ብዙ ጊዜ በአሮጌ የቁልፍ ስልክ ነው። ብራና ፊደል ለቆጠረ ሰው ዓይን ብቻ ይበቃዋል። በስልክ የተቀዳ ድምፅ ግን የሚፈታለት ፕሮግራም ይፈልጋል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ስልኮች ቪዲዮን በ3ጂፒ፣ ድምፅን ደግሞ በኤኤምአር ያስቀምጡ ነበር። ሜሞሪ ካርዱ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ፣ አብሮ የመጣው ማጫወቻ «ኮዴክ የለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ባለቤቱ ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል፤ ከዚያም ቦታ እንዳይዝበት ይደመስሰዋል። የተበላሸ ነገር ግን አልነበረም። የጎደለው ድምፁን የሚፈታው ኮዴክ ብቻ ነው።

ኮዴኩ የጎደለው ሊኑክስ ደካማ ስለሆነ አይደለም። ብዙ የድምፅና የምስል አጨማመቅ ዘዴዎች በፓተንት የተያዙ በመሆናቸው፣ በነፃ የሚታደሉ ሲስተሞች እነዚህን ኮዴኮች አብረው ከመስጠት ይቆጠባሉ። ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ መንገዱ ሌላ ነው። በፓሪስ የኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመሩት ሥራ ነው፤ ከ2001 ጀምሮም ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። መፍቻዎቹን ይዞ ስለሚመጣ ኮዴክ ለየብቻ ፈልጎ ማውረድ አያስፈልግም።

አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ፋይሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ኦፕን ዊዝ» የሚለውን መምረጥ፣ ከዝርዝሩ ቪኤልሲን መንካት፣ ሁልጊዜ በእሱ እንዲከፈት የሚያዘውን ምልክት ማብራት ነው። ምርጫው የሚሠራው ለዚያ ዓይነት ፋይል ብቻ በመሆኑ፣ ለ3ጂፒ የተደረገው ለኤኤምአርም መደገም አለበት። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ፕሮግራሙን ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ሳለ ጭኖ መሄድ ይሻላል። «ኮዴክ እዚህ አለ» ከሚል ካልታወቀ ድረ ገጽ ማውረድ ግን ቫይረስ መጋበዝ ነው።

«ሊኑክስን ስንት ሰው ይጠቀማል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም የማይችል የትምህርት ቤትና የቢሮ ኮምፒውተር ደግሞ ብዙ ነው። አዲስ መግዛት ለማይችል መሥሪያ ቤት ሊኑክስ ከወጪ ያድናል። ቪኤልሲም ቢሆን በዊንዶውስና በአንድሮይድ ላይ ይሠራል። ዋናው ነገር ሰው አብሮ የመጣለትን ማጫወቻ የመጨረሻ ፈራጅ አለማድረጉ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የፎቶ ቤት ባለቤቶች ሳይቃጠል በቅጠል ማለት አለባቸው። አንድ ፋይል «አይከፈትም» ሲባል ከመደምሰስ በፊት በሌላ ማጫወቻ ይሞከር። ወደ ሌላ ፎርማት ሲቀየርም ዋናው ቅጂ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ቢያንስ በሁለት ቦታ። በቴሌግራም የሚላክ ቪዲዮ እንደ ፋይል ይላክ፤ አለዚያ መተግበሪያው ጥራቱን ቀንሶ ያሳልፈዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅጂው ተናጋሪዎቹ በሕይወት ሳሉ ይደመጥ። በድምፁ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ፣ የተጠቀሰው ቦታ የትኛው እንደሆነ የሚናገር ፕሮግራም የለም፤ ይህን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።