ቁጥሩን ከፍ ከማድረግዎ በፊት



ይህ ደብዳቤ ፖስትግሬስ «ይቅርታ፣ ደንበኛ በዝቶብኛል» ብሎ በሩን ለዘጋብዎ ለእርስዎ ነው። እጅዎ አሁን የት እንዳለ አውቃለሁ፤ የኮንፊግ ፋይሉን ከፍተው፣ ማክስ ኮኔክሽንስ የሚለውን 100 ደምስሰው 500 ሊጽፉ ነው። እስኪ ጥቂት ይታገሱኝ።

«ሰርቨሬ አቅም አለው፤ ምን ይጎዳኛል?» ይሉኝ ይሆናል። ማይኤስኪውኤል ለአንድ ኮኔክሽን አንድ ትሬድ ይበቃዋል፤ ፖስትግሬስ ግን ለእያንዳንዱ ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ያስነሳል። ወርክ ሜም የሚባለው 4 ሜጋባይትም ለአንድ ሰው የተሰፈረ አይምሰልዎ፤ አንድ ኩዌሪ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ዳታ ከደረደረ በየቦታው ያን ያህል ሊወስድ ይችላል። 500ው ሁሉ አንድ ላይ ሥራ የጀመረ ቀን ፕሮሰሰሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሮጥ ይውላል። ለዚያውም ቁጥሩ የሚለወጠው ዳታቤዙን አጥፍተው ሲያስነሱ ነው።

«ተጠቃሚዬ በዝቶ እኮ ነው!» እሺ፤ ግን ቆጥረዋቸዋል? እኔም እንደ እርስዎ እርግጠኛ ሆኜ፣ በአንድ የደመወዝ ዋዜማ ሌሊት፣ ማን ገብቶ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ፒጂ ስታት አክቲቪቲን ከፈትኩ። የእኔን ሳይጨምር 97 የደንበኛ መስመር ተደርድሯል። ሥራ ላይ የነበሩት 6 ብቻ! 80ው ምንም አይሠሩም። ያስደነገጡኝ ግን የቀሩት 11 ናቸው፤ ትራንዛክሽን ከፍተው ዝም ብለዋል። ኮዱን ተከትዬ ስሄድ፣ ክፍያውን መዝግቦ ትራንዛክሽኑን ሳይዘጋ የኤስኤምኤስ አገልግሎቱን መልስ የሚጠብቅ ፈንክሽን አገኘሁ። ኤስኤምኤሱ በዘገየ ቁጥር ኮኔክሽኑም፣ የቆለፈው ረድፍም አብረው ይታገታሉ። እንዲህ ያለውን የሚያባርር የጊዜ ገደብ ከ9.6 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አለ፤ ሆኖም እርስዎ ካላበሩት አይሠራም።

ቤትዎ ቡና ሲፈላ ያስቡ። ረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ አለ፣ የመጣው ጎረቤት ግን አሥራ አምስት ነው። ሲኒ ግዙ የሚል የለም፤ የጠጣው ይመልሳል፣ ይታጠባል፣ ለቀጣዩ ይቀዳል። ችግር የሚመጣው ጠጥቶ የጨረሰ ሰው ባዶ ሲኒውን ታቅፎ ወሬውን ሲቀጥል ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ከስካይፕ ቤት የወጣው ፒጂባውንሰር ሥራው ሲኒ ማዞር ነው፤ በትራንዛክሽን ሞድ ካዋቀሩት፣ አንዱ ትራንዛክሽኑን እንደጨረሰ ኮኔክሽኑን ለተረኛው ይሰጠዋል።

«ኮዴ ቢበላሽብኝስ?» መጠየቅዎ ተገቢ ነው። ሊስን፣ በሴሽን ደረጃ የሚደረግ ሴትና አድቫይዘሪ ሎክ፤ እነዚህ በትራንዛክሽን ሞድ አይሆኑም፣ ስለዚህ ቀድመው ይፈልጓቸው። በፕሮቶኮል ደረጃ የሚደረግ ፕሪፔርድ ስቴትመንት ለዓመታት ሰውን ሲያስቸግር ኖሮ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ፒጂባውንሰር 1.21 መፍትሔ አግኝቷል። ስንት ኮኔክሽን ይበቃኛል ካሉ፣ ከፕሮሰሰርዎ ኮር እጥፍ አካባቢ ጀምረው እየለኩ ይሂዱ። ትንሽ እንደሚመስልዎ አውቃለሁ፤ ይሞክሩት።

ከ100ው 97 ብቻ የቆጠርኩት ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። ሦስቱ ለሱፐርዩዘር የተያዙ ናቸው፤ ያን ሌሊት የገባሁትም በእነሱ ነው። አደራ፣ አፕሊኬሽንዎ በሱፐርዩዘር ስም አይግባ። ሦስቱንም ከያዘብዎ፣ ማን በሩን እንደዘጋ የሚያዩበት ቀዳዳ እንኳ አይኖርዎትም።

አክባሪዎ